በጓሮ ወርክሾፕ የተሠራች የእንፋሎት ፓምፕ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ባለፈው ጊዜ ስትሠራ ያሳየኋችሁ ትንሿ የእንፋሎት ፓምፕ ብዙ ጥያቄ አስነስታለች። አብዛኞቻችሁን የሚመለከቱትን መርጬ እነሆ እመልሳለሁ። ላላያችኋት፦ ርዝመቷ ከአንድ ስንዝር ትንሽ ያልፋል። በአንድ ጫፍ ሁለት የእንፋሎት ሲሊንደሮች፣ በሌላው ጫፍ ሁለት የውሃ ሲሊንደሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የእንፋሎቱ ሲሊንደር የውስጥ ዲያሜትር 20 ሚሊሜትር፣ የውሃው 12 ሚሊሜትር ነው፤ ፒስቶኖቹ 20 ሚሊሜትር ይመላለሳሉ። የሚሽከረከር ነገር አንድም የላትም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቮላኖ (እየተሽከረከረ ግስጋሴ የሚይዝ ከባድ ጎማ) ከሌላት ጫፍ ስትደርስ ማን ይመልሳታል? ለምን ቀጥ አትልም?

የነገሩ ሁሉ ልብ ይህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። አንድ ሲሊንደር ብቻ ቢኖራትና ፒስቶኑ የራሱን ቫልቭ (የእንፋሎቱን በሮች የሚከፍትና የሚዘጋውን ተንሸራታች) እንዲገፋ ብናደርገው፣ ቫልቩ መሃል ሲደርስ ሁለቱንም የእንፋሎት በሮች ይዘጋል። እንፋሎት ሲቋረጥ ፒስቶኑ ይቆማል፤ ፒስቶኑ ሲቆም ቫልቩን የሚያንቀሳቅሰው የለም። ቮላኖ ያለው ሞተር በያዘው ግስጋሴ ያቺን ቦታ ያልፋታል፤ የእኛዋ ግን እዚያው ትሞታለች።

ባለ ሁለት ሲሊንደሯ ችግሩን የምትፈታው በመረዳዳት ነው። የግራው ፒስቶን የቀኙን ቫልቭ ይገፋል፣ የቀኙ ደግሞ የግራውን። አንዱ ጉዞውን ሊጨርስ ሲል ለሌላው በር ይከፍትለታል፤ ራሱ ቆሞ ባልደረባው መጥቶ እስኪከፍትለት ይጠብቃል። ቫልቩ መሃል ላይ ሲሆን የበሮቹን ጠርዝ ልክ በልክ እንጂ አልፎ እንዳይሸፍን ተደርጎ ይሞረዳል። አልፎ ከሸፈነ ሁለቱም ባንድ ጊዜ የሚዘጉበት ቦታ ይፈጠርና ፓምፗ በእጅ ካልተነካች አትነሳም።

ሁለተኛው ምስጢር ባዶ ጉዞ ነው። ፒስቶኑ ቫልቩን የሚገፋው ወዲያው እንደተነሳ ሳይሆን መንገዱን አብዛኛውን ከሄደ በኋላ መሆን አለበት። ስለዚህ በቫልቩ ዘንግ ላይ ያለው ዳዶ በግራም በቀኝም ክፍተት ይተውለታል። እኔ መጀመሪያ ስገጥም «ጠበቅ ያለ ሥራ ጥሩ ሥራ ነው» ብዬ ክፍተቱን ጨርሼ አጠፋሁት። አየር ስሰጣት ፒስቶኖቹ 5 ሚሊሜትር ያህል እየተንቀጠቀጡ ይመለሳሉ፣ ውሃ ግን የለም። ሦስት ምሽት ቫልቩን ስወቅስ ቆየሁ። በኋላ ዳዶውን አውጥቼ ከሁለቱም ፊቱ በሞረድ ጥቂት ጥቂት እየቀነስኩ፣ እየገጠምኩ፣ እየሞከርኩ ሄድኩ። በእያንዳንዱ ወገን 1.5 ሚሊሜትር ክፍተት ላይ ስደርስ ጉዞዋ ሙሉ ሆነ። ያ ልክ የእኔዋ ልክ ነው፤ የእናንተን እናንተ ታገኙታላችሁ። ክፍተቱ ሲያንስ ጉዞው ያጥራል፤ ሲበዛ ፒስቶኑ ክዳኑን ይመታል፣ ቀጭ ቀጭ ሲል በጆሮ ይሰማል።

ጥያቄ፦ እንፋሎቱን የሚያፈላው ቦይለር ግፊቱ 3 ባር ከሆነ፣ በዚያው 3 ባር እንፋሎት የምትነዳ ፓምፕ እንዴት ውሃ መልሳ ወደ ቦይለሩ ታስገባለች? አልዋጥልህ አለኝ።

ትክክለኛ ጥርጣሬ ነው። ግፊቱ እኩል ነው፤ የሚገፋበት ስፋት ግን እኩል አይደለም። የ20 ሚሊሜትር ፒስቶን ፊት 314 ካሬ ሚሊሜትር ነው፣ የ12ቱ 113። ስለዚህ እንፋሎቱ የሚገፋበት ኃይል ውሃው ከሚመልሰው 2.8 እጥፍ ያህል ይሆናል። ትርፉ የማሸጊያውን ሰበቃና የቧንቧውን ጫና ለማሸነፍ ይውላል።

ይህ ዓይነት ፓምፕ የተወለደውም በዚሁ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ አሜሪካዊው ሄንሪ ዎርዚንግተን በቦይ ላይ የሚሄድ የእንፋሎት ጀልባ ነበረው። የቦይለሩን ውሃ የሚሞላው ፓምፕ የሚነዳው በጀልባዋ ሞተር ስለነበር፣ ጀልባዋ የቦዩ ውሃ መቆጣጠሪያ በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ ፓምፑም ይቆማል፤ ውሃውን በእጅ መግፋት ግድ ይሆናል። እሱም ሞተሩ ቢቆም እንኳ ራሷን ችላ በእንፋሎት የምትሠራ ፓምፕ ሠራ። ባለ ሁለት ሲሊንደሯ ከዚያ በኋላ የመጣች ናት።

ጥያቄ፦ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) የለኝም። ተስፋ ልቁረጥ?

የለም እህቴ። ሲሊንደሮቹን፣ ፒስቶኖቹንና ክዳኖቹን ቶርኖ ቤት ማስወጣት ይቻላል፤ ልኩ የተጻፈበት ንድፍ ይዘሽ ሂጂ እንጂ በቃል አትንገሪያቸው። መሞረዱ፣ መብሳቱና መግጠሙ ቤት ውስጥ በሞርሳና በትራፓኖ ይሠራል። የእንፋሎት መተላለፊያዎቹ 2 ሚሊሜትር ስለሆኑ ፑንታውን (የትራፓኖውን መብሻ) ቶሎ ቶሎ እያወጣሽ ብናኙን አራግፊ፤ ውስጥ ከተሰበረ ሲሊንደሩ ከነሥራው ይጣላል።

ቫልቩ የሚንሸራተትበትን ፊት ግን ራስሽ ጨርሺው። ወፍራም መስታወት ላይ 400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አንጥፈሽ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጊ። ፊቱን በማርከር ቀብተሽ ክብ ክብ እያደረግሽ እሺው። ቀለሙ ከሁሉም ቦታ እኩል ሲለቅ ወደ 800 እለፊ። ጥግ ላይ የቀረች አንዲት የቀለም ነጥብ እንኳ እንፋሎት ታሾልካለች።

ጥያቄ፦ የእኔዋ በአየር ስትነዳ ደህና ትመላለሳለች፤ ውሃ ግን አትስብም።

ከአስር ዘጠኙ ኳሶቹ ናቸው፤ የውሃውን ቀዳዳዎች እየከፈቱ የሚዘጉት ማለቴ ነው። የማይዝግ ብረት ኳስ ምንም ያህል ክብ ቢሆን፣ የሚቀመጥበት ጠርዝ ጥርት ብሎ ካልወጣ ውሃው ወደ ኋላ ይመለሳል። ቀዳዳውን ከበሳችሁ በኋላ ጠርዙን አጽዱና ኳሱን አስቀምጡበት፤ በላዩ የናስ ዘንግ አቁማችሁ በትንሽ መዶሻ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለስለስ አድርጋችሁ ምቱት። ጠርዙ ላይ ፀጉር የምታህል የሚያብረቀርቅ ክብ መስመር ይወጣል። የተመታውን ኳስ ጣሉትና አዲስ አስገቡ፤ የተመታው አንድ ወገኑ ተጠፍጥፎ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በላዩ ውሃ ሞልታችሁ አሳድሩት። ጠዋት ከሥሩ ደረቅ ከሆነ ጨርሳችኋል።

ኳሱ የሚነሳበት ከፍታም ልክ አለው፦ የቀዳዳው ዲያሜትር ሩብ ይበቃዋል። ለ4 ሚሊሜትር ቀዳዳ 1 ሚሊሜትር ማለት ነው። ከዚያ በላይ ከተነሳ ለመመለስ ይዘገያል፣ የገባው ውሃም ተመልሶ ይወጣል።

አዲስ አበባ ላላችሁ አንድ ልጨምር። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለን የአየር ግፊታችን ከባሕር ጠረፍ ሩብ ያህል ያንሳል፣ ውሃችንም 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ፓምፕ ውሃን አይጎትትም፤ የሚገፋላት አየሩ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ የመሳብ አቅሟም ይቀንሳል። በተለይ የሞቀ ውሃ ልሳብ ስትል ውሃው ቧንቧው ውስጥ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ባዶዋን ትመላለሳለች። የውሃ ጣሳውን ከፓምፗ ከፍ አድርጉት፣ ውሃውም ቀዝቃዛ ይሁን።

ጥያቄ፦ ለቦይለር አሮጌ የጋዝ ሲሊንደር ወይም ፕሬዠር ኩከር ልጠቀም?

አይሆንም። ይህን ጥያቄ አምስት ሰው ስለጠየቀኝ በግልጽ ልናገር፤ እባካችሁ አታድርጉት። በ3 ባር ላይ ያለ ውሃ 144 ዲግሪ አካባቢ ነው። ዕቃው በተሰነጠቀባት ቅጽበት የዚያ ውሃ ከፊሉ ባንድ ጊዜ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፣ እንፋሎት ደግሞ ከውሃው ከ1,600 እጥፍ በላይ ቦታ ይፈልጋል። ፊት ለፊቱ ያለ ሰው አይተርፍም።

ቦይለር ከመዳብ ይሠራል፣ በብር ብየዳ ይጣበቃል። የቆርቆሮና የእርሳስ ስታኞ 183 ዲግሪ ላይ መቅለጥ ስለሚጀምር ውሃው ትንሽ ሲጎድል ይለቃል። ናስም ለቦይለር አይሆንም፤ ሙቅ ውሃ ከውስጡ ዚንኩን እየበላ ያቦረቡረዋል። ተሠርቶ ሲያልቅ አንድም አረፋ ሳይቀር በቀዝቃዛ ውሃ ተሞልቶ በእጅ ፓምፕ እስከ ሥራ ግፊቱ እጥፍ ይፈተሻል፤ ለ3 ባር 6 ማለት ነው። በአየር በፍጹም አትፈትሹ። ሴፍቲ ቫልቭ፣ የግፊት መለኪያና የውሃ ማሳያ መስታወት ሳይገጠም እሳት አይለኮስም። ብየዳውን ካልተማመናችሁበት ቦይለሩን ተዉትና በኮምፕሬሰር አየር አሠሩ፤ ፓምፗ ያው ፓምፕ ናት።

ጥያቄ፦ ጓሮዬን ታጠጣልኛለች?

በደቂቃ 60 ጊዜ ሙሉ ብትመላለስ ግማሽ ሊትር ገደማ ታወጣለች፣ ለችግኝ ማሰሮ ይበቃል። እንፋሎቱን እስከ ጉዞው መጨረሻ በሙሉ ግፊት ስለምታስገባ ነዳጅ ትበላለች፤ ትልልቆቹም ይህ ጠባይ ነበራቸው።

ጥያቄ፦ በአየር በደንብ የሠራችው በእንፋሎት ተጣብቃ አልንቀሳቀስ አለችኝ።

ፒስቶኑ ላይ ቴፍሎን አድርገህ እንደሆነ እሱ ነው፤ ሲሞቅ ከናስ በብዙ እጥፍ ይለጠጣል። ትንሽ አሳንሰው፣ ወይም በግራፋይት ገመድ ቀይረው። ዘይቱም ለእንፋሎት ሲሊንደር የሚሆን ወፍራም ይሁን፤ የመኪና ዘይት ታጥቦ ይሄዳል። ደግሞ ሲሊንደሩ ቀዝቃዛ ሳለ የመጀመሪያው እንፋሎት ውስጡ ውሃ ይሆናል፣ ውሃ ደግሞ አይጨመቅም። በየሲሊንደሩ ጫፍ ያሉትን ማፍሰሻዎች ከፍተህ ዋናውን ቫልቭ በጥቂቱ ስጣት። መጀመሪያ ውሃ ትተፋለች፣ ከዚያ ጭጋግ፣ ከዚያ ደረቅ እንፋሎት። ማፍሰሻዎቹን የምትዘጋው ያኔ ነው።