በጣቢያው ንድፍ ላይ 2 ቁጥር ሐዲድ የት ሄደ?

ጥያቄው የመጣው ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ንድፍ ከሚያስተምሩ አንባቢ ነው። ተማሪዎቻቸው ጣና ዳር ላይ ምናባዊ የባቡር ጣቢያ እንዲነድፉ አስበዋል። ለአርአያ የያዙት በቻይና ደረጃ የተሠራ የነጠላ መስመር ጣቢያ ንድፍ፣ ማለትም ከጣቢያ ወደ ጣቢያ አንድ ዋና ሐዲድ ብቻ ባለበት መስመር ላይ ያለ ጣቢያ ንድፍ፣ አራት ሐዲዶች አሉት። ከጣቢያው ሕንፃ ጀምሮ ቁጥራቸው 1፣ ሁለት ቋሚ ሰረዝ፣ 3፣ 4 ነው። «2 የት ሄደ? ላርመው ወይ?» ይላሉ። በአንድ ጫፍ ያሉት ስዊቾች (ባቡሩን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያዞሩት መገንጠያዎች) 1፣ 3፣ 5፣ በሌላው ጫፍ ያሉት 2፣ 4፣ 6 መባላቸውም ግራ አጋብቷቸዋል።

እባክዎ አያርሙት። ሁለቱ ሰረዞች የሮማ ቁጥር ሁለት ናቸው። በዚህ አሠራር ከጣቢያ ወደ ጣቢያ የሚዘልቀው ዋና መስመር በሮማ ቁጥር ይጻፋል፤ ባቡር ተቀብለው የሚሸኙት የጎን መስመሮች ደግሞ በተለመደው ቁጥር። ቆጠራው ግን አንድ ነው፣ ቅርጹ ብቻ ይለያያል። በሬዲዮ «ሁለት» ሲባል የሮማው ይሁን ሌላው ጆሮ አይለየውም። ስለዚህ የሮማ ሁለት ባለበት ጣቢያ ሌላ 2 እንዲኖር አይፈቀድም። ተማሪ ይህን ሳያውቅ የጎደለ መስሎት 3ን ወደ 2 ቢቀይረው፣ ሁለት ሐዲዶች በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ባቡርም ፉርጎ ወደቆመበት ሐዲድ ሊላክ ይችላል።

በነጠላ መስመር ጣቢያ ቁጥሩ ከሕንፃው ጎን ተነሥቶ ወደ ማዶ በተርታ ይሄዳል። በጥንድ መስመር ግን ቆጠራው ከመካከል ይጀምራል፦ ሁለቱ ዋና መስመሮች የሮማ አንድና ሁለት ይሆናሉ፤ ከዚያ በአንደኛው ወገን ወደ ውጭ 3፣ 5፣ በሌላው ወገን 4፣ 6 ይባላል። እዚያ 3 እና 4 ጎረቤት አይደሉም። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ከሰበታ እስከ አዳማ ጥንድ፣ ከዚያ ወዲያ ነጠላ ስለሆነ፣ ተማሪዎችዎ ምናባዊው ጣቢያ የትኛው ዓይነት እንደሆነ አስቀድመው ይወስኑ።

የስዊቾቹ ነገር ከአቅጣጫ ጋር የተያያዘ ነው። «ላይ» እና «ታች» የሚባሉት አቅጣጫዎች ከዳገትና ከቁልቁለት ጋር ግንኙነት የላቸውም፤ ዓባይ ከጣና ወደየት እንደሚፈስም አይጠይቁም። በቻይና ወደ ቤጂንግ የሚወስደው፣ በእንግሊዝ ደግሞ በአብዛኛው ወደ ለንደን የሚወስደው «ላይ» ይባላል። ለእርስዎ ጣቢያ አንዱን አቅጣጫ መርጠው በቀስት ያሳዩ። «ወደ ላይ» የሚሄደው ባቡር በሚገባበት ጫፍ ስዊቾቹ ሙሉ ቁጥር፣ «ወደ ታች» የሚሄደው በሚገባበት ጫፍ ጎዶሎ ቁጥር ይይዛሉ። በሁለቱም ጫፍ ቆጠራው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው፤ ባቡሩ መጀመሪያ የሚያገኘው ስዊች 1 ወይም 2 ይሆናል። በሁለት ትይዩ ሐዲዶች መካከል ባለው መሻገሪያ ላይ አብረው የሚንቀሳቀሱ ሁለት ስዊቾች ተከታታይ ቁጥር ወስደው በአንድነት 1/3 ተብለው ይጻፋሉ።

ተማሪ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ «12 ቁጥር ስዊች» ሲባል የመለያ ቁጥሩ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው የመገንጠያውን ማዕዘን፣ ማለትም በ12 ሜትር ርዝመት 1 ሜትር መራቁን ነው። 9 ቁጥሩ ሰፋ ባለ ማዕዘን ስለሚገነጠል ቦታ ይቆጥባል፣ የሚፈቅደው ፍጥነት ግን ያነሰ ነው። የመለያ ቁጥሩን ከምልክቱ አጠገብ፣ ማዕዘኑን በሰንጠረዥ ለይተው ያስጽፉ።

የሮማውን ቁጥር በግእዙ ፪ ለመተካት የሚያስብ ተማሪ ቢኖር፣ ሐሳቡ ደስ ይላል፤ ቅርጹም ከ2 በደንብ ይለያል። ነገር ግን ንድፉ፣ የመቆጣጠሪያው ስክሪንና ሐዲዱ ዳር የቆመው ሰሌዳ አንድ ዓይነት ምልክት መያዝ አለባቸው። ግእዙን ከመረጡ በሦስቱም ላይ ይሁን።

ወደፊት አምስተኛ ሐዲድ ከማዶ ቢጨመር 5 ይባላል። ሐዲድ ቢነሣ ቁጥሩ ባዶውን ይቀመጥ እንጂ ሌሎቹን አያሸጋሽጉ፤ የሲግናሉ ሽቦና የጥገናው መዝገብ በአሮጌው ቁጥር የተጻፉ ናቸው።