ጥያቄና መልስ፦ ከባቲ ቁልቁል በግመል

ሰሞኑን ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከወልድያ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው፦ ከባቲ ወደ አፋር ቆላ ወርዶ ከአርብቶ አደሮች ጋር እየሰፈሩና እየተነሱ መጓዝ። የተደጋገሙትን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ አራት ጓደኛሞች ነን። በጥር ወር ግመል ተከራይተን ለአንድ ሳምንት ልንጓዝ አስበናል። በቀን 40 ኪሎ ሜትር እንሄዳለን ብለን አቅደናል። ስንት ግመል ይበቃናል?

መልስ፦ ወሩን በደንብ መርጣችኋል። ለቆላው ጉዞ የሚመቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው፤ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ ቀን ላይ መንቀሳቀስ አይሞከርም። 40 ኪሎ ሜትሩን ግን ሰርዙት። ጭነት የያዘ ግመል በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚራመድ በአሥር ሰዓት 40 ይሞላል ብሎ ማስላት ቀላል ነው። ነገር ግን ግመሉ ቅጠል የሚቀነጥብበት በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት፣ ከዚያም ተኝቶ የሚያመሰኳበት ጊዜ ያስፈልገዋል። ያንን ሰዓት ለመንገድ የወሰዱበት ግመል ሁለት ቀን ደህና ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ሲጫን አልነሳም ይላል። በዚህ አገር ጉዞ የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን ግመሉ በሚበላበት ሰዓትና በውሃው ርቀት ነው። አርብቶ አደሩም የሚነሳው ግጦሹ ሲያልቅ እንጂ ቀን ቆጥሮ አይደለም።

ስለዚህ ቀኑን እንዲህ ክፈሉት። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታችሁ ጫኑ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መንገድ ጀምሩ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ጥላ ፈልጋችሁ አራግፉ። እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ድረስ እናንተ አረፍ በሉ፤ ግመሎቹም ይሰማሩ። ከ9 እስከ 11 ሰዓት ጥቂት ተጉዛችሁ ፀሐይ ሳትጠልቅ ስፈሩ። ቀደም ብሎ መስፈሩ የግድ ነው፤ ግመሎቹ በብርሃን ግጠው ጅብ ሳይወጣ ወደ ሰፈሩ መሰብሰብ አለባቸውና። በዚህ አካሄድ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በኋላ በቀን ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ትሄዳላችሁ።

ለቁጥሩ፦ እናንተ አራት፣ ግመል ሳቢ ሁለት፣ መንገድ መሪ አንድ፣ በድምሩ ሰባት ሰው ናችሁ። ጠንካራ ግመል ለአጭር መንገድ 200 ኪሎ ይችላል፤ ለሳምንት ጉዞ ግን ከ120 እስከ 150 ኪሎ አትለፉ። ለውሃ ሁለት፣ ለስንቅና ለማብሰያ አንድ፣ ለድንኳንና ለመኝታ አንድ፣ ባዶውን የሚሄድ አንድ፣ በጠቅላላው አምስት ግመል ያዙ። ባዶው ግመል ትርፍ መስሏችሁ እንዳትተዉት፤ ሰው ቢታመም የሚቀመጥበት፣ ሌላው ግመል ቢያነክስ ጭነቱን የሚረከበው እሱ ነው።

መንገድ መሪውን ከምትሄዱበት ጎሳ ፈልጉ። የሰኞው የባቲ ገበያ የአፋር ግመለኞች የሚገኙበት ስለሆነ ሰው ለመጠየቅ ጥሩ ቦታ ነው። ስምምነቱን በሽማግሌ ፊት አድርጉ። ባዶ የሚመለሱባቸው ቀናት ክፍያ፣ የግመል ሳቢዎቹ ምግብ፣ ግመል ቢጎዳ ወይም ቢሞት ማን ምን እንደሚከፍል ሳይነሳ የቀረ ውል በመጨረሻው ቀን ጠብ ይሆናል። ከወረዳው አስተዳደርም ደብዳቤ ያዙ፤ ጸጥታው ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ ከመነሳታችሁ በፊት ወረዳውንም ሽማግሌዎቹንም ጠይቁ። አንዱ ብቻ «ይቻላል» ካለ ቆዩ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ለአንድ ሰው በቀን ስንት ሊትር ውሃ እንያዝ? ከጉድጓድ የሚቀዳው ውሃስ «ውሃ አጋር» (ክሎሪን ያለበት የውሃ ማከሚያ) ከተጨመረበት ይጠጣል?

መልስ፦ በጥርም ቢሆን በቆላ የሚራመድ ሰው ለመጠጥ ብቻ ከ5 እስከ 6 ሊትር ይፈልጋል። ሻይ፣ ማብሰያና እጅ መታጠቢያ ሲጨመር 8 ሊትር ያዙ። ለሰባት ሰው በቀን 56 ሊትር ማለት ነው። ከአንዱ ውሃ እስከሚቀጥለው ሁለት ቀን ካለ የሦስት ቀን ይያዛል፤ የደረሳችሁበት ጉድጓድ ደርቆ ወይም በከብት ወረፋ ተይዞ ሊጠብቃችሁ ይችላል። 168 ሊትር ወደ ዘጠኝ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይመጣል፤ አሥር አድርጉት። ስድስቱን በአንዱ ግመል፣ አራቱን ከቀላል ዕቃ ጋር በሌላው ጫኑ፤ ጎዶሎ ቁጥር ጭነት ያጋድላል።

ውሃ ስትቀዱም ሚዛኑን አስቡ። ብዙ ጊዜ ጭነት የሚዞረው ጠዋት ባለው አጫጫን ሳይሆን ቀን ላይ ከአንድ ወገን ብቻ ስለተጠጣ ነው። ከቀኝ ጀሪካን ከቀዳችሁ ከግራውም ያንኑ ያህል ቅዱ፤ ጎደሎ ጀሪካን ውስጥ ውሃው እየተንቦጫረቀ ገመድ ስለሚያላላም የጎደሉትን ቶሎ ጨርሷቸው። ክዳኑ ሥር የላስቲክ ቁራጭ አድርጋችሁ ጥበቁት፤ በቀስታ የሚያንጠባጥብ ክዳን እስከ ማታ ብዙ ውሃ ይጨርሳል። ነዳጅ ወይም የእርሻ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን የቱንም ያህል ቢታጠብ ለውሃ አይሆንም።

ውሃ አጋር ጥሩ ነው፤ ግን ጭቃው ጉልበቱን ይጨርስበታል። ድፍርሱን ውሃ ሌሊቱን አስተኙት፣ ጠዋት ላይ ላዩን በአራት በታጠፈ ነጠላ አጥልሉት፣ ከዚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን መድኃኒቱን ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ከ30 ደቂቃ በኋላ ትንሽ የክሎሪን ሽታ ካልሸተታችሁ መድኃኒቱ አልበቃም፤ እንደገና ጨምሩና ሌላ 30 ደቂቃ ቆዩ። ጨዋማ ውሃ ግን በመድኃኒትም በማፍላትም አይስተካከልም። እንዲያውም ሲፈላ ጨውም፣ በስምጥ ሸለቆ ውሃ ውስጥ የሚበዛው ፍሎራይድም ይበልጥ ይከማቻል። እንዲህ ያለውን ለዕቃ ማጠቢያ ተዉት።

ግመሎቹ በጥር፣ እርጥብ ቅጠል ካገኙ ሳምንት ገደማ ሳይጠጡ ይሰነብታሉ። ሲያጠጧቸው ግን አንዱ 100 ሊትር በአሥርና በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ሊጨርስ ስለሚችል ጉድጓዱ የማን እንደሆነና ወረፋው እንዴት እንደሆነ መንገድ መሪው አስቀድሞ ይጠይቅ። ከጉድጓዱ አጠገብም አትስፈሩ፤ ማታ የሚመጣ መንጋ ሰው አይቶ ይበረግጋል። 500 ሜትር ራቁ።

ጥያቄ (ከባቲ)፦ የኪራይ ግመሎች ጀርባቸው ተገጥቦ ይመለሳሉ። ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ የአጫጫኑ ነው። ግመሉ ተንበርክኮ፣ የፊት እግሩ ከታሰረ በኋላ ጀርባው ላይ ያለ ጠጠር፣ እሾህና የደረቀ ጭቃ በእጅ ይጠረጋል። ሰሌኑ ከሻኛው ፊትና ኋላ እኩል ይነጠፋል፤ አጥንቱ ላይ የሚያርፍ እጥፋት መኖር የለበትም። የእንጨቱ ኮርቻ ከላይ ሲጠብቅ በሰሌኑና በአከርካሪው መካከል እጅ ማለፍ አለበት፤ ካላለፈ ክብደቱ አጥንት ላይ አርፏል ማለት ነው። ግራና ቀኙን ሁለት ሰው እኩል አንስቶ በአንድ ጊዜ ይጭናል። አንዱ ወገን ቀድሞ ከተጫነ ኮርቻው ይዞርና ቆዳውን ይፈትጋል። ከተነሳችሁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቆማችሁ መጫኛውን አጥብቁ፤ ሰሌኑ ተረግጦ ስለሚሳሳ ጠዋት የጠበቀው ገመድ ያን ጊዜ ልል ነው።

ማታ ካራገፋችሁ በኋላ መዳፋችሁን በጀርባው ላይ ከፊት ወደ ኋላ አሳልፉ። ከሌላው ይልቅ የሞቀ ወይም ያበጠ ቦታ ካለ ገጣባ ሊሆን ነው። በማግስቱ ያ ግመል ባዶውን ይሂድ። ይህ ካልተቻለ በቦታው ትክክል ሰሌኑ ላይ ቀዳዳ ቆርጣችሁ ዙሪያውን አወፍሩት፤ ጭነቱ ቁስሉን እንዳይነካ። አንዴ ከቆሰለ ዝንብ ይከተላል፣ ትል ይገባል፣ ግመሉም ለወራት ከሥራ ይወጣል። የአንድ ቤተሰብ መተዳደሪያ መሆኑን አስባችሁ እንደ ራሳችሁ ንብረት ያዙት።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ ወደ ሰፈራቸው ስንደርስ እንዴት እንግባ? ወተት ከሰጡንስ?

መልስ፦ በመኪናም በእግርም ሰተት ብሎ ቤቶቹ መካከል መግባት ነውር ነው። መቶ እርምጃ ያህል ሲቀራችሁ ቆማችሁ ጠብቁ፤ መንገድ መሪው ቀድሞ ይሂድ። ዳጉ፣ የአፋሮች የወሬ ልውውጥ፣ እስኪያልቅ ታገሡ። ማን የት ሰፈረ፣ የት ዘነበ፣ የቱ ጉድጓድ ደረቀ፣ በመንገድ ምን ታየ፣ ሁሉም ተራ በተራ ይጠየቃል፣ ይመለሳል። ለእናንተም የሚጠቅም ነውና አታቋርጡት፤ ነገ የምትሄዱበት መንገድ የሚወሰነው በዚያ ወሬ ነው። ድንኳናችሁን ከመጨረሻው ቤት 300 እርምጃ ርቃችሁ ትከሉ፤ ሴቶች ወደ ውሃና ወደ እንጨት የሚወጡበትን አቅጣጫ ጠይቃችሁ ሽሹት። ፎቶ ሳይፈቀድ አይነሳም።

ቤተሰቡ ሲነሳ ቤቱን የሚያፈርሱትም የሚተክሉትም ሴቶቹ ናቸው፦ ሰሌኑ ይገፈፋል፣ የጎበጡት እንጨቶች ይነቀላሉ፣ ሁሉም በግመል ይጫናል። ሳትጠየቁ እጃችሁን አታስገቡ፤ እያንዳንዱ እንጨት ቦታውን ጠብቆ ነው የሚታሰረው።

ጥሬ ወተት የብሩሴላ በሽታ ያስተላልፋል፤ ወባ እየመሰለ ለወራት የሚመላለስ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ነው። እምቢ ማለት ደግሞ ያስከፋል። መንገድ መሪያችሁ ከመቀመጣችሁ በፊት «ጥሬ ወተት አልለመዱም፤ በሻይ ቢሆንላቸው» ብሎ ይንገርላችሁ፤ ማንም አይቀየምም። ወተቱ በደንብ መፍላቱን ግን እዩ። እናንተ በበኩላችሁ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ቡናና ዱቄት ያዙ፤ ገንዘብ ከመስጠት ይልቅ ይህ ይከብራል። ለራሳችሁ ስንቅ በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎና ድርቆሽ ይበቃል፤ እንጀራ በቆላ ቶሎ ይሻግታል።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ ደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ መተኛት ለስላሳ ነው ይባላል። ጥር በጋ ስለሆነ ችግር የለውም?

መልስ፦ አለው፤ ከወንዙ ወለል ውጡ። ሚሌና ሎጊያ ከወሎ ደጋ የሚወርዱ ወንዞች ስለሆኑ በላያችሁ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደጋው ላይ የዘነበው ሌሊት ይደርስባችኋል። በጥርም ያልተጠበቀ ዝናብ ይጥላል። የጎርፍ ምልክት ዳር ዳሩ ላይ ይታያል፦ ቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለ ጭራሮና ገለባ እስከየት እንዳለ እዩና ከዚያ በላይ ስፈሩ። ላይ ያለው መሬት ጠጠርና ዓለት ስለሆነ የድንኳን ካስማ አይገባም። ባዶ ማዳበሪያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ጠጠር ሞልታችሁ የድንኳኑን ገመድ እሱ ላይ እሰሩ። አጎበር ሳትዘረጉ አትተኙ፣ ጫማም ሳታራግፉ አታድርጉ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ሙቀት የመታውን ሰው እንዴት እንርዳ?

መልስ፦ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ቁርጠት ብቻ ከሆነ ጥላ ውስጥ አስተኝቶ፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ በጥቂት በጥቂቱ ማጠጣት ነው። መቃዠት ከጀመረ፣ ከተንገዳገደ ወይም ራሱን ከሳተ ግን ጉዳዩ ሕይወት ነው። ወዲያውኑ ልብሱን አውልቃችሁ ገላውን ሙሉ አርጥቡ፣ ሳታቋርጡ በነጠላ አራግቡት፣ ብብቱንና አንገቱን እርጥብ ጨርቅ አድርጉለት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥም። እያቀዘቀዛችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። የመጠጥ ውሃው ያልቃል ብላችሁ አትሳሱ። ከደሴ ብርድ የወረደ ሰውነት ሙቀቱን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ስለሚወስድበት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ከ15 ኪሎ ሜትር አታስበልጡ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ሸራ ጫማ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። አፋሮች ደርጊ ሀራ የሚሉት ዛፍ፣ ፕሮሶፒስ፣ እሾሁ የሸራ ጫማ ሶል ይበሳል፤ የመኪና ጎማንም ያስተነፍሳል። ወፍራም ሶል ያለው ጫማ አድርጉ፣ ወረንጦና የቁስል አልኮል ያዙ። ገብቶ የተሰበረ እሾህ በዚያው ዕለት ካልወጣ ያመረቅዛል።