ከታች ጎረቤት አለ፣ ሮለርም ያስፈልገኛል

ጥያቄ፦ በብርድ ወራት ቤት ውስጥ ሳይክል የምለማመድበት ሮለር (ሳይክሉ ላያቸው ላይ የሚነዳባቸው ሦስት ተሽከርካሪ ሲሊንደሮች ያሉት መሣሪያ) ልገዛ ነው። ከእኔ በታች ሰው ይኖራል፣ በጀቴም ጠበብ ያለ ነው። ምን ልምረጥ?

መልስ፦ ጩኸቱ ከሮለሩ ብቻ አይመጣም። ጥርስ ያለው የተራራ ሳይክል ጎማ ከገጠምክ ውዱን ብትገዛም ያጓራል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ለስላሳ ጎማ ግጠምና በደንብ ንፋው። ስትገዛ ሦስቱንም ሲሊንደሮች በእጅህ አሽከርክራቸው፤ ሳይንቀጠቀጡና ሳይንኳኩ ከዞሩ ኩሽኔታቸው ደህና ነው። ያገለገለም ቢሆን አትናቅ፣ ሲሊንደሮቹን የሚያገናኘው ቀበቶና ኩሽኔታው ይቀየራል። ወፍራም ሲሊንደር ለመንዳት ቀለል ይላል፣ ቀጭኑ ግን እግር ይፈትናል። ማክበጃው (ፔዳሉን ለልምምድ የሚያከብደው ክፍል) በፋን የሚሠራውን ተወው፣ ጩኸታሙ እሱ ነው። ለጎረቤትህ ደግሞ ወፍራም የላስቲክ ምንጣፍ ከሥሩ አንጥፍ፤ ወደ ታች የሚወርደው ንዝረቱ ነውና። ሮለር ሳይክሉን እንዳይወድቅ አይይዝልህም፣ እስክትለምደው ግድግዳ አጠገብ ሁን።