ጅብ ከሄደ የወጡ የዋና ሕጎች

ስለ ዋና ውድድር የላካችኋቸው ጥያቄዎች ተከማችተውብኛል። ዛሬ የተወሰኑትን ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፊና የሚባለው የዓለም የዋና ድርጅት ፈረሰ እንዴ? አሁን ሁሉም «ወርልድ አኳቲክስ» ነው የሚለው።

አልፈረሰም፣ ስሙን ቀየረ እንጂ። በ2022 መጨረሻ ሜልቦርን ላይ በተካሄደ ጉባኤ ነው የቀየረው። የድሮው ስም ሲወጣ «አማተር» የሚል ቃል ነበረበት። ለአሸናፊ ገንዘብ እየከፈሉ አማተር መባል ትንሽ ያስቃል።

መጀመሪያ ማን አቋቋመው?

ስምንት አገሮች ናቸው፤ ብሪታንያ፣ ፈረንሳይ፣ ጀርመን፣ ቤልጂየም፣ ዴንማርክ፣ ስዊድን፣ ፊንላንድና ሃንጋሪ። በ1908 ለንደን ላይ፣ ኦሎምፒኩ በተካሄደበት ወቅት ተሰብስበው መሠረቱት። ከዚያ በፊት ነገሩ ዝብርቅርቅ ነበር። በ1896 አቴንስ ላይ የተዋኘው ባሕር ውስጥ ነው። በ1900 ደግሞ ፓሪስ ላይ በሴን ወንዝ። ወንዝ እየገፋህ የገባህበትን ሰዓት ከማን ሰዓት ጋር ታወዳድረዋለህ?

አባቴ «በ1960 ሮም ላይ ፈጣኑ ዋናተኛ ተሸነፈ» ይለኛል። እውነቱን ነው?

እውነታቸውን ነው። በኦሎምፒኩ 100 ሜትር ነፃ ዋና አሜሪካዊው ላንስ ላርሰንና አውስትራሊያዊው ጆን ዴቪት እኩል ሊባል በሚችል ሁኔታ ገቡ። የላርሰንን ሰዓት የያዙት ሦስት ሰዎች 55.0፣ 55.1 እና 55.1 ሴኮንድ አሉ። የዴቪት ሦስቱም 55.2። ታዲያ ወርቁ ለማን? ለዴቪት! ያኔ አሸናፊ የሚለየው በዳኛ ዓይን ነበር። ማን አንደኛ እንደገባ የሚያዩት ሦስት ዳኞች፣ ሁለት ለአንድ ዴቪት አሉ። ሁለተኛውን የሚያዩት ሌሎች ሦስት ዳኞች ደግሞ፣ ሁለት ለአንድ ሁለተኛው ዴቪት ነው አሉ። የዳኞቹ አለቃ ለዴቪት ወሰኑ። የላርሰንም ሰዓት ወደ 55.2 ተስተካከለ። እኔን ከውሳኔው በላይ የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ የገንዳው ግድግዳ ላይ የሚገጠመው፣ ዋናተኛው ሲነካው ሰዓቱን የሚያቆመው የኤሌክትሮኒክ መዳሰሻ ከዚያ በኋላ መጣ።

መሣሪያው ደግሞ የራሱን ጣጣ አመጣ። በ1972 ሙኒክ ላይ በ400 ሜትር ድብልቅ (አራቱም የዋና ዓይነቶች በተራ የሚዋኙበት) ስዊድናዊው ጉናር ላርሰን አሜሪካዊውን ቲም ማኪን በ0.002 ሴኮንድ ቀደመ። በርቀት ሲሰላ ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የገንዳው ግድግዳ ራሱ በየመስመሩ በዚያ ልክ እኩል አይሠራም። ስለዚህ ውጤት በመቶኛ ሴኮንድ ብቻ እንዲለይ ተደረገ። በ2016 ሪዮ ላይ በ100 ሜትር ቢራቢሮ አሜሪካዊው ፌልፕስ፣ ደቡብ አፍሪካዊው ሌ ክሎስና ሃንጋሪያዊው ቼህ ሦስቱም በ51.14 ገብተው የብር ሜዳሊያ የተጋሩት በዚህ የተነሳ ነው።

ሙሉ ሰውነት የሚሸፍነው የዋና ልብስ ለምን ታገደ?

ዋናተኛውን ስለሚያንሳፍፈው። በ2009 የሮም ሻምፒዮና ብቻ 43 የዓለም ክብረ ወሰኖች ተሰበሩ። ከ2010 ጀምሮ የሚፈቀደው የጨርቅ ልብስ ብቻ ሆነ፣ ለወንዶች ከወገብ እስከ ጉልበት። ክብረ ወሰኖቹ ግን አልተሰረዙም።

ሴቶች በኦሎምፒክ 1500 ሜትር ከመቼ ጀምሮ ነው የሚዋኙት?

በ2021 ከተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ጀምሮ። ኬቲ ሌዴኪ አሸነፈች። ወንዶች ይህንኑ ርቀት በ1908 ለንደን ላይ ዋኝተውታል።