መሐንዲስ ሆኖ ጄኔራል መሆን ይቻላል?

«ሲቪል ምህንድስና ተመርቄ መከላከያ መግባት እፈልጋለሁ፤ ግን መሐንዲስ ክፍል ከገባህ ድልድይ ስትሠራ ታረጃለህ፣ ጄኔራል የሚሆነው እግረኛው ነው ይሉኛል» ብለህ ለጻፍክልን ወጣት፦

የሕንዱን ሌተና ጄኔራል ፕሪሚንድራ ሲንግ ብሃጋትን እወቃቸው። በ1939 እ.ኤ.አ. ከዴራዱን ወታደራዊ አካዳሚ የተመረቁ የመሐንዲስ መኮንን ነበሩ። ስማቸው የተነሳው ደግሞ በእኛው መሬት ነው፤ በ1933 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ መተማ ከጣሊያን ስትለቀቅ፣ በእንግሊዝ ጦር ሥር ይዋጉ የነበሩት የ22 ዓመቱ ምክትል መቶ አለቃ ወደ ጎንደር የሚወስደውን መንገድ ከፈንጂ እንዲያጸዱ ታዘዙ። በ4 ቀን 88 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደው 15 የፈንጂ ቀጠናዎች አስጸዱ። ተሽከርካሪያቸው ሁለት ጊዜ ፈንጂ ረገጠ፣ የጆሯቸው ታምቡር ተበሳ፣ ተተኪ ይምጣልህ ሲባሉም እምቢ አሉ። ቪክቶሪያ ክሮስ የተባለውን የእንግሊዝ ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳሊያ የተሸለሙት በዚህ ነው።

ሥራውን ቀረብ ብለህ እየው። ፈንጂ በእጅ ሲፈለግ መጀመሪያ የተነካካ አፈር በዓይን ይለያል፤ ከዚያ መሬቱ በሳንጃ ጫፍ በሰያፍ ይወጋል። ከላይ ቀጥ አድርገህ ከወጋህ ማፈንጃውን ትጫነዋለህ። ስታገኘው አፈሩን ከጎን ትጠርጋለህ፤ ከሥሩ ሌላ ወጥመድ አለመኖሩን ሳታረጋግጥ አታነሳውም። የደከመ ሰው ከእነዚህ አንዱን ይዘላል። ስለዚህ ጀግንነታቸውን አክብር፣ እረፍት እምቢ ማለታቸውን ግን አትቅዳ፤ ተራህ ሲያበቃ ልቀቅ።

ከሜዳሊያው በኋላ ከ30 ዓመት በላይ አገልግለዋል። የተመረቁበትን አካዳሚ መርተዋል። ሕንድ በ1962 እ.ኤ.አ. በቻይና ስትሸነፍ ምክንያቱን መርምረው ሪፖርት ካዘጋጁት ሁለት መኮንኖች አንዱ እሳቸው ነበሩ። በ1972 እ.ኤ.አ. የሰሜን ዕዝ አዛዥ ሳሉ በካሽሚር ሕንድና ፓኪስታን የያዙትን መሬት የሚለየውን የቁጥጥር መስመር ከፓኪስታን አቻቸው ጋር ተደራድረው አስመሩ። ካርታ ማንበብ የሚችል መሐንዲስ እዚህ ላይ ምን ያህል እንደሚጠቅም አስበው! ኤታማዦር ሹም ሳይሆኑ በ1974 እ.ኤ.አ. ጡረታ ወጡ፤ ያ ወንበር በችሎታ ብቻ አይገኝም። ወዲያው ግን ግድብና ኃይል ማመንጫ የሚያስተዳድረውን የዳሞዳር ሸለቆ ኮርፖሬሽን በሊቀመንበርነት ያዙ።

ለአንተ፦ ቅየሳና የአፈር ምህንድስና ላይ አተኩር። በየልምምዱ ምን እንደታዘዘ፣ ምን እንደተሠራ፣ የቱ ለምን እንደከሸፈ በአንድ ገጽ መጻፍ ልመድ። የዕድሜና የትምህርት መስፈርቱን ከወሬ ሳይሆን ከዘንድሮው የምልመላ ማስታወቂያ አንብብ፤ ስትመዘገብም መሐንዲስ ክፍል እንደምትፈልግ በጽሑፍ አስታውቅ።