አልፎ አልፎ አልከፈት ስለሚሉ ድረ ገጾች፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ቤቴ ውስጥ ድረ ገጾች ደህና ሲከፈቱ ቆይተው ለጥቂት ደቂቃዎች እምቢ ይላሉ። ራውተሩን አጥፍቼ ሳበራው ይስተካከላል፤ በማግስቱ ግን ችግሩ ይመለሳል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ራውተሩን ለማጥፋት አይቸኩሉ፤ ሲያጠፉት ምክንያቱን የሚጠቁመው ምልክት አብሮ ይጠፋልና። ችግሩ እየታየ ሳለ ፒንግ በተባለው ትእዛዝ (ለአንድ አድራሻ ትንሽ መልእክት ልኮ መልስ መምጣቱን ያያል) ሦስት ነገሮችን በቅደም ተከተል ይፈትሹ፦ በመጀመሪያ የራውተሩን አድራሻ (ብዙውን ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው)፣ ቀጥሎ 8.8.8.8ን (በኢንተርኔት ላይ ያለ የጉግል ሰርቨር አድራሻ ነው)፣ በመጨረሻም የአንድ ድረ ገጽ ስም። ራውተሩ ራሱ መልስ ካቋረጠ ዋይፋዩን ወይም ገመዱን ይመርምሩ። ራውተሩ እየመለሰ 8.8.8.8 ዝም ካለ የሚጠረጠረው ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር ነው። ሁለቱም እየመለሱ ስሙ ብቻ አልተገኘም ከተባለ ግን ችግሩ ያለው ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ በሚለውጠው በዲኤንኤስ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ዲኤንኤስ ከተበላሸ ሁሉም ገጽ መዘጋት አልነበረበትም?

መልስ፦ የግድ አይደለም። ኮምፒውተሩም ራውተሩም ቀደም ብለው ያገኙትን አድራሻ ለተወሰነ ጊዜ ይዘው ስለሚያቆዩ፣ ቅድም የጎበኙት ገጽ እየተከፈተ አዲሱ ሊቀር ይችላል። በራውተሩ ላይ ሁለት የዲኤንኤስ አድራሻዎች ተሞልተው አንደኛው የማይሠራ ሲሆንም ችግሩ መጣሁ ሄድኩ ይላል፤ ስለዚህ ሁለቱንም ለየብቻ ይፈትሹ። ለሙከራ በአንድ መሣሪያ ላይ ብቻ ለሁሉም ክፍት ከሆኑት የዲኤንኤስ አድራሻዎች 1.1.1.1ን ወይም 9.9.9.9ን አስገብተው ልዩነቱን ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ዋይፋዩ ሙሉ ምልክት እያሳየ እንዴት ይቆራረጣል?

መልስ፦ ምልክቱ የሚነግርዎ የሞገዱን ጥንካሬ እንጂ ጥራቱን አይደለም። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ የጎረቤት ራውተሮችና የማይክሮዌቭ ምድጃ ይረብሻሉ፤ በዚህ ሞገድ እርስ በርስ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ኮምፒውተሩን በኬብል ሲያገናኙ ችግሩ ከጠፋ ጥፋቱ የዋይፋዩ ነው።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ የሚያስቸግሩኝ የተወሰኑ ገጾች ብቻ ናቸው፤ መከፈት ይጀምሩና ተንጠልጥለው ይቀራሉ።

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚደክመው በዚህኛው ነው፤ ፒንግም ዲኤንኤስም ጤነኛ ሆነው ይታያሉና። መረጃ በመስመር ላይ የሚጓዘው ፓኬት በተባሉ ቁርጥራጮች ተከፍሎ ነው፤ በኤተርኔት (በተለመደው የኬብል ግንኙነት) አንድ ፓኬት እስከ 1500 ባይት ይይዛል፤ መስመሩ ፒፒፒኦኢ በተባለው ዘዴ የሚገናኝ ከሆነ ግን 8 ባይት ስለሚወሰድበት የሚቀረው 1492 ነው። «ፓኬቱ ከመስመሩ በልጧል» የሚለው መልእክት በመንገድ ላይ በፋየርዎል (መልእክቶችን በሚያጣራ መከላከያ) ሲታገድ፣ ላኪው ሰርቨር መጠኑን ሳይቀንስ ደጋግሞ ይልካል፤ ትንንሽ ፓኬቶች እያለፉ ትልልቆቹ ይቀራሉ። ለማረጋገጥ ፓኬቱ እንዳይከፋፈል አድርገው በ1472 ባይት ፒንግ ያድርጉ፤ 28 ባይት ራስጌ (ከፓኬቱ ፊት የሚቀመጥ የአድራሻ መረጃ) ሲጨመርበት 1500 ይሞላል። ይህ ካላለፈና 1464 ካለፈ፣ በራውተሩ ላይ ኤምቲዩ የተባለውን ቁጥር (የአንድ ፓኬት ትልቁን መጠን) 1492 ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ስልኬ የሚከፍተውን ገጽ ኮምፒውተሬ አይከፍትም።

መልስ፦ ሁለቱም በአንድ ዋይፋይ ላይ መሆናቸውን ካረጋገጡ በኋላ የኮምፒውተሩን ሰዓትና ቀን፣ ቪፒኤኑንና በብሮውዘሩ ላይ የተጫኑትን ተጨማሪዎች ይመልከቱ። ሰዓቱ በጣም ከተዛባ የደኅንነት ሰርተፊኬቶች (የድረ ገጹን ማንነት የሚያረጋግጡ ማስረጃዎች) ጊዜያቸው እንዳለፈ ወይም ገና እንዳልደረሰ ይቆጠራሉ።

ጥያቄ፦ አገልግሎት ሰጪዬ «ከእኛ በኩል ችግር የለም» ይለኛል። ምን ላቅርብ?

መልስ፦ በኬብል በተገናኘ ኮምፒውተር ላይ ሁለት መስኮት ከፍተው፣ አንዱ ራውተሩን ሌላው 8.8.8.8ን ያለማቋረጥ ፒንግ እንዲያደርግ ለአንድ ቀን ይተዉት፤ መልስ የተቋረጠበትን ሰዓትም ይመዝግቡ። ራውተሩ ሳያቋርጥ እየመለሰ ውጭው በተደጋጋሚ የጠፋባቸውን ሰዓቶች ዘርዝረው ሲያቀርቡ፣ ባለሙያው ከራሱ መዝገብ ጋር ሊያመሳክረው የሚችል ነገር ያገኛል።