ፕሬድኒሶሎኑን ትቼ በምግብ ብቻ ልዳን?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅማ ነው፣ ዕድሜዬ 34። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ለረጅም ጊዜ ሲያሰቃየኝ ቆይቶ በኮሎኖስኮፒ ታየሁና አልሰሬቲቭ ኮላይተስ ነው፣ ትልቁ አንጀትሽ ቆስሏል ተባልኩ። ፕሬድኒሶሎን በቀን 40 ሚሊግራም ተጀመረልኝ፣ ደሙም ቶሎ ቆመ። ግን ይኸው አምስት ወር ሆነኝ፣ መጠኑን እየቀነስኩ 10 ላይ ስደርስ ደሙ ይመለሳል፣ እንደገና ወደ 20 እወጣለሁ። ሌላ መድኃኒት አልታዘዘልኝም። ፊቴ አብጧል፣ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ጎረቤቶቼ "ይሄ ኪኒን አጥንት ይጨርሳል፣ ወርውሪውና ተልባና ማር ጠጪ" ይሉኛል። ረመዳን ሳይገባ ብላቀቀው ደስ ይለኛል። በአንዴ ባቆመውስ? ምን ልብላ? መጾምስ እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎ። ኪኒኑን በራስዎ ፈቃድ በአንዴ እንዳያቆሙት። ጎረቤቶችዎ ስለ አጥንቱ የነገሩዎት እውነት አለው፣ ፕሬድኒሶሎን ስቴሮይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው፣ ስቴሮይድ ሲቆይ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳርና ደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ዓይንም ይነካል። መላቀቅ መፈለግዎ ትክክል ነው። አደጋው "ወርውሪው" የሚለው ላይ ነው።

ከኩላሊቶቻችን በላይ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። በየቀኑ ኮርቲዞል የሚባል ሆርሞን ያመነጫሉ፣ ያለ እሱ የደም ግፊታችንም ስኳራችንም አይጸናም። ፕሬድኒሶሎን የዚሁ ሆርሞን ዘመድ ስለሆነ ከውጭ በብዛት ሲገባ ዕጢዎቹ ሥራ ያቆማሉ። ከሦስት ሳምንት በላይ ለወሰደ ሰው ይሄ የሚጠበቅ ነው፣ እርስዎ ደግሞ አምስት ወር ወስደዋል። ለወራት ያልተጠመደ በሬ በአንድ ጠዋት ማሳ እንደማያርስ ሁሉ ዕጢዎቹም ኪኒኑ በቀረ ማግስት ተነስተው ሥራ አይጀምሩም። ያኔ ድካም፣ ማቅለሽለሽ፣ ሲነሱ ማዞር ይመጣል፣ ሲከፋ ደም ግፊት ወርዶ ራስን መሳት፣ ሕይወት ማጣትም አለ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። 10 ላይ ሲደርሱ ደሙ የሚመለሰው እርስዎ ስላጠፉ ወይም የሆነ ነገር ስለበሉ አይደለም። ስቴሮይድ የተነሳውን ቁጣ ያበርዳል እንጂ በሽታውን እንደተኛ አያቆየውም። ሐኪሞች ስቴሮይድ ከተጀመረ በሦስት ወር ውስጥ ከ10 ሚሊግራም በታች መውረድ ያቃተውን፣ ወይም ካቆመ በሦስት ወር ውስጥ የተመለሰበትን ሰው "ስቴሮይድ ጥገኛ" ይሉታል። እርስዎ እዚያ ውስጥ ነዎት። ለዚህ መፍትሔው ሌላ መድኃኒት ከጎኑ መጀመር ነው፣ ደብዳቤዎ ላይ ያጣሁትም ይሄንኑ ነው።

ስለዚህ ሐኪምዎ ጋ ሲቀርቡ በግልጽ "ስቴሮይዱን የሚተካልኝ ምንድን ነው?" ብለው ይጠይቁ። የአንጀቱን ቁጣ የሚያበርድ ሜሳላዚን አለ። የእሱ ዘመድ የሆነና ብዙ ጊዜ ዋጋው ዝቅ የሚል ሰልፋሳላዚን አለ፣ ከፎሊክ አሲድ ጋር ይሰጣል፣ የሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ሰው ግን አይወስደውም። እነዚህ ካልበቁ የሰውነትን መከላከያ የሚያረግበው አዛቲዮፕሪን ይታሰባል፣ እሱ በደንብ ለመሥራት ከሁለት እስከ ሦስት ወር ስለሚፈልግና በየጊዜው የደም ምርመራ ስለሚያስፈልገው እሱ ሥራውን እስኪጀምር ድረስ ስቴሮይዱ አብሮት ይሄዳል። እንግዲህ "ረመዳን ሳይገባ" የሚለውን ቀጠሮ ይተዉት። የሚያስቸኩል ነገር ቢኖር አዲሱን መድኃኒት መጀመሩ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሪፈራል ሆስፒታል ነው፣ የውስጥ ደዌ ክሊኒኩ ካርድ ከሌለዎት የሪፈር ወረቀት አጽፈው ይሂዱ።

አዲሱን መድኃኒት ከመጀመርዎ በፊት ሁለት ምርመራ አይቅር። አንደኛው የቲቢ ነው፣ ስቴሮይድም አዛቲዮፕሪንም ተኝቶ የቆየ ቲቢ ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ሁለተኛው የሰገራ ምርመራ። ደም በተመለሰ ቁጥር አሜባ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን አለመሆኑን ሳያረጋግጡ ዶዝ መጨመር ልክ አይደለም። ሌላም ስትሮንጂሎይደስ የሚባል ትል አለ፣ በባዶ እግር እርጥብ መሬት ስንረግጥ በቆዳ በኩል የሚገባ። ጤነኛ ሰው ላይ ለዓመታት ዝም ብሎ ሊኖር ይችላል። ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው ላይ ግን ተባዝቶ በመላ ሰውነት ሊሰራጭና ሊገድል ይችላል። በአንድ የሰገራ ምርመራ ላይታይ ስለሚችል ልጅነትዎን ገጠር ካሳለፉ ወይም በባዶ እግር እርሻ ላይ ሠርተው ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ሁሉም ሲስተካከል መቀነሱ እንዲህ ነው የሚሄደው፦ ከ20 በታች ሲሆን ብዙ ጊዜ በሳምንት ከ2.5 እስከ 5 ሚሊግራም ይቀነሳል። 2.5 ማለት ባለ 5ቱ ኪኒን ግማሹ ነው። ሰውነት በራሱ በቀን የሚያመርተው ከ5 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ እዚያ ሲደርሱ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ የመጨረሻዋ ኪኒን ነች ረጅም ጊዜ የምትወስደው። የእርስዎን መጠን የሚወስነው ሐኪምዎ ነው። ኪኒኑን ጠዋት ከቁርስ በኋላ በአንድ ጊዜ ይውሰዱት። እስካሁን ከፋፍለው ማታም ይውጡ ከነበረ እንቅልፍ የነሳዎት ይሄ ሊሆን ይችላል።

በመቀነሱ ወቅት ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። መገጣጠሚያ ቢቆረጥምዎ፣ ቢደክምዎ፣ ነገር ግን ሰገራው ደህና ከሆነ፣ ሰውነት ስቴሮይዱን እየለመነ ሊሆን ይችላል፣ ደውለው ያማክሩ። ደም፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ፣ "አሁኑኑ ካልሄድኩ" የሚያሰኝ ጥድፊያ ከመጣ ግን በሽታው ተነስቶ ሊሆን ይችላል። ለቁርጥማቱ ብለው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ ገዝተው አይውሰዱ፣ ኮላይተስን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ፣ ፓራሲታሞል ይሻላል። በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ደም ያለበት ሰገራ ከትኩሳት ወይም ከልብ ምት መፍጠን ጋር ከመጣ፣ ሆድ ከተነፋና ከጠነከረ፣ ወይም የዋጡትን ኪኒን የሚያስመልስዎ ከሆነ ያኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። እዚያም "ስቴሮይድ እወስዳለሁ" ማለትን አይርሱ፣ በመርፌ የሚሰጥ ሃይድሮኮርቲዞን ሊያስፈልግዎ ይችላል።

ወደ ምግቡ እንምጣ። አልሰሬቲቭ ኮላይተስን በራሱ የሚያድን ምግብ የለም፣ ተልባና ማርም አያድኑትም። ማሩን ደግሞ በማንኪያ ቆጥበው፣ ስቴሮይድ ላይ ሆነው ስኳርዎ እንዳይወጣ። ይሁን እንጂ ምግብ ቀኑን ሊያቀልልዎ ወይም ሊያከብድብዎ ይችላል።

ደም ባለበት ሰሞን አንጀቱን የማያስቸግር ነገር ይብሉ። የቡላ ገንፎ በጣም ጥሩ ነው፣ ቡላ ከቆጮ በተለየ ቃጫ የለውም፣ በአንጀት ላይ ይለሰልሳል። በርበሬ ያልበዛበት የዶሮ መረቅ፣ ሩዝ፣ ቅቅል ድንችና ካሮት፣ እንቁላል፣ ሙዝ። ቆሎ፣ እሸት በቆሎ፣ ቃሪያ፣ ጥሬ ሰላጣ፣ ሽሮና ባቄላ ለጊዜው ይቆዩ። በርበሬ በሽታውን አያመጣውም፣ የቆሰለ ቦታ ላይ ግን ያቃጥላል፣ ያው ነው። ወተት ካስነፋዎ እርጎ ይሞክሩ፣ ብዙ ሰው ይስማማዋል፣ ነገር ግን ወተቱ ከፈላ በኋላ የረጋ ይሁን። መከላከያዎ ስለተዳከመ ጥሬ ወተትና ጥሬ ሥጋ አይሆኑም።

ደሙ ሲቆም ወደ ሙሉ ማዕድ ቀስ ብለው ይመለሱ፣ እንጀራው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ። በዚህ ላይ ነው ልቤ የሚያዝነው፣ ሰዎች ፈርተው ለወራት ሩዝና ሻይ ላይ ይቀሩና ከበሽታው በላይ ረሃቡ ያደክማቸዋል። አንጀትዎ ደም ስላፈሰሰ ብረት ያስፈልግዎታል፣ ሄሞግሎቢንዎን ያስለኩ። ቡናዎን ከምግብ ጋር አያድርጉት፣ ብረቱ እንዳይገባ ያግዳል። የጅማ ሰው ቡና ተው አልልም፣ ጠዋት አንድ ስኒ አቦል ጠጥተው ሆድዎ ካልተናወጠ ይቀጥሉ፣ ከሰዓት በኋላ ግን ይቅርብዎ። ጨው ይቀንሱ፣ ፊትዎ የሚያብጠው በከፊል ውኃና ጨው ስለሚይዝ ነው። ስቴሮይዱ ሲወርድ እብጠቱም ይወርዳል። ለአጥንትዎ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ።

ጾሙን በተመለከተ፣ አሁን ደም እየተመላለሰ፣ ስቴሮይድም ላይ ሆነው፣ ቀኑን ሙሉ ያለ ውኃ መዋል አልመክርዎትም። ታማሚ ቀዷ እንደሚያወጣ፣ ማለትም ያለፈውን ጾም ሲሻለው በሌላ ቀን እንደሚተካ፣ ከእኔ በላይ እርስዎ ያውቁታል፣ ልብዎ እንዲያርፍ ኢማምዎንም ያነጋግሩ። ረመዳን ሊገባ አንድ ወር ያህል ሲቀረው ሐኪምዎ ጋ ይቅረቡ። ያኔ ደሙ ቆሞ፣ ሌላው መድኃኒት ይዞዎት፣ ስቴሮይዱም ካለቀና ዕጢዎቹ መነሳታቸው ከተረጋገጠ መጾሙን አብራችሁ ታዩታላችሁ። ከተፈቀደልዎ ኢፍጧሩን በቴምርና ውኃ ጀምረው ሾርባ ያስከትሉ፣ በቃሪያ የተሞላውን ሳምቡሳ ለቤተሰቡ ይተዉላቸው፣ እስከ ሱሁር ድረስም ውኃ ደጋግመው ይጠጡ። ጾመው ደም ካዩ ያኑ ሰዓት ያፍርሱና ይደውሉ።